የቀዩ እንጨት ብናኝ

«አልጋዋን ዛሬውኑ ወደ እንጨት መጋዘኑ እናውጣው» የሚለውን የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ነው። መታጠቢያ ቤቱን ከወንድሟ መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ፣ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። ተናጋሪዋ የወንድሟ ሚስት ናት። ድምጿን ዝቅ ለማድረግ ሞክራ ነበር፤ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሕፃን እንቅልፍ የነሳት ሴት ማንሾካሾክ አይሆንላትም። «ክፉ ሆኜ አይደለም፣ አንተም ታውቃለህ። ግን ልጄንስ? ያ እጇ ላይ የወጣው ነገር ነገ ሕፃኑ ላይ ቢወጣ ማን ሊጠየቅልኝ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አትሰማም? መጋዘኑ እንደሆነ ጣራው አያፈስም፣ መብራት አለው፣ ምን ጎደለው? ለተሸካሚ ነግሬያለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።» እሷም ቡርሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። የወንድሟን መልስ ነው የምትጠብቀው። መቼም «ኧረ ተይ፣ እህቴ እኮ ናት» ማለቱ አይቀርም። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች፤ ተነስቶ ሱሪውን ሲያጠልቅ፣ የቀበቶው ዘለበት ሲንኳኳ ሰማች። «እንዳልሽ» አለ።

እንዳልሽ! አራት ዓመት ሙሉ ቤቱን በእጇ ያቆመችለት ታናሽ እህቱ ከጣውላ ጋር ጣውላ ሆና ልትከማች ሲፈረድባት፣ ከአፉ የወጣችው ቃል ይቺው ናት። ሰው ለማያውቀው ጎረቤቱ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይከራከራል። አፏን ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ታጠበች፣ መስታወት ውስጥ ራሷን አየች። ከንፈሯ ዛሬም በአንድ በኩል አብጧል። ከጣቶቿ መሀል ተነስቶ እስከ ክርኗ የወጣው ሽፍታ ውሃ ቋጥሮ፣ አንዳንዱ ፈንድቶ፣ አንዳንዱ ቅርፊት ሆኖ ተቀምጧል። ሰው ቢሸሻት አይገርማትም፤ ራሷም ብትሆን ከራሷ ብትሸሽ ደስ ባላት ነበር። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ያፏጫል፤ ሌሊት ደግሞ ፉጨቱ ይብስና ቁጭ ብላ ታድራለች። እርግጥ ነው፣ ያስፈራል። የወንድሟን ሚስት ልትቀየማት አልቻለችም። ወንድሟ ላይ ግን አንጀቷ እርር አለ።

ቁርስ ቀረበ። የእሷ ብርጭቆ እንደተለመደው ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ዳቦዋም ለብቻው በሳህን ተቆርሶላታል። ሕፃኑ ጓዳ ውስጥ በሩ ተዘግቶበት ተኝቷል። የወንድሟ ሚስት ሻይ ስትቀዳላት ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጋ ነው፣ ጫፉ ብርጭቆዋን እንዳይነካ። ወንድሟ ሁልጊዜም ሽቅርቅር ነው፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። ስልኩን ሲያይ ቆየና ቀና ሳይል «የዚያኛው ጊታር ጀርባ ዛሬ ያልቅልናል አይደል እታለም?» አላት። ጉድ እኮ ነው! አልጋዋን ለማስወጣት በተስማማ በግማሽ ሰዓቱ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሥራ ጥያቄ ይጠይቃታል። «ያልቃል ጋሼ» አለችው። ሌላ ነገር ልትል ነበር። መጋዘኑን ሰምቻለሁ ልትለው ነበር። ግን ዕንባዋ ሊቀድማት ሆነና ዳቦዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላይ ይኖሩበታል፣ ታች ይሠሩበታል። በመንገዱ በኩል ትልቅ መስታወት ያለው የመሸጫ ክፍል አለ፤ ጊታሮቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ከታች በትናንሽ አምፖል ይበራላቸዋል፣ ከመካከላቸው የአንዱ ዋጋ የአንድ ቤተሰብ የዓመት የቤት ኪራይ ይሆናል። ያ ክፍል የወንድሟ ነው። ደንበኛ የሚቀበለው፣ ክር የሚወጥረው፣ የሚቃኘው እዚያ ነው። ከኋላው መስኮት አልባው ወርክሾፕ ይመጣል፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ሞርሳ፣ የጊታሩን ጎን እንጨት የሚያጎብጡበት በጋዝ የሚግል የብረት ቧንቧ፣ እግር የሚያሰምጥ ሰጋቱራ። ያ የእሷ ነው። ከወርክሾፑ ጀርባ ደግሞ በአንዲት የቆርቆሮ በር የሚገባበት የእንጨት መጋዘን አለ፤ ጣውላው እስከ ጣራ ተደርድሮ ዓመታት የሚደርቅበት፣ ከሥሩ የወደቀውን ብናኝ ማንም ጠርጎት የማያውቅ። አልጋ እዚያ ሊገባ ነው እንግዲህ።

ሠፈሩ በስሟ አይጠራትም፣ «ጆሮ» ነው የሚላት። ስሙም የወጣላት ያለ ነገር አይደለም። አንድ ስስ ጣውላ በሁለት ጣቷ ከጫፉ ላይ አንጠልጥላ፣ በሌላ እጇ አውራ ጣት መሀሉን ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ትሰጠዋለች። «ይሄ ገና ደንቆሮ ነው» ትላለች፤ ትልገዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፣ ደግሞ ኳ። ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ሲደርስ እንጨቱ ይናገራል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ይንጫጫል። መለኪያ አለ፣ ግን መለኪያ አታምንም። ለጊታሩ ፊት ነጭና ቀላል እንጨት ነው የሚሆነው፣ ጣት ለሚያርፍበት ሰሌዳ ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት፤ ለጀርባና ለጎን ግን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው፣ አንድ ረጅም የውጭ ስም ያለው፣ እነሱ ባጭሩ «ቀዩ» የሚሉት እንጨት። ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሲቆረጥ ሽቶ የፈሰሰ ይመስላል። እሷም ትወደዋለች። አዲስ ጣውላ ሲመጣ አውራ ጣቷን በምላሷ ታረጥብና እንጨቱን ታሸዋለች፤ ቫርኒሽ ሲያርፍበት የሚያወጣው መልክ ያን ጊዜ ነው የሚታየው። ያችኑ ጣት መልሳ ትልሳለች፣ እንደገና ታሻለች። ከንፈሯ ለምን እንደሚያብጥ ሰው ሲጠይቃት «ትንኝ ነው» ስትል ከረመች።

ሽፍታው ከወጣ ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ሳሙና ቀየረች፣ ከዚያ ቅባት ቀየረች። ወንድሟ ሐኪም ዘንድ ወስዷት ነበር፤ ሐኪሙ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲላት አፉን ቀድሞ የከፈተው እሱ ነው፤ «ቤት ነው የምትውለው ዶክተር» አለ። ያኔ ስለ ግብር ምናምን ፈርቶ መስሏት ዝም አለች። ሐኪሙም ለቤት ሥራ የሚሆን ቅባት አዘዘላት። ሲመለሱ መኪና ውስጥ «ኮላው ነው፣ ምንም ጥያቄ የለውም» አላት፤ በማግስቱም አንድ ካርቶን የጎማ ጓንት ገዝቶ ሰጣት። እሷም እንዲህ ያለ ወንድም የሰጣትን ፈጣሪ አመሰገነች! ኮላ ስትቀባ ጓንት ታጠልቃለች። ስታለሰልስ ደግሞ ታወልቀዋለች፣ ምክንያቱም ጓንት የለበሰ ጣት እንጨቱ የት ጋ እንደወፈረ፣ የት ጋ እንደሳሳ አይነግራትም። ስለዚህ ምንም ከማያደርጋት ኮላ እየተጠነቀቀች፣ ቀዩን በባዶ እጇ ቀን ሙሉ ስታሽ ትውላለች። እሱ ይህን ያያል። በር ላይ ይቆማል፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ያደርጋል፣ «ጓንትሽን ኮላ ላይ አትርሺ እታለም» ብሎ ይመለሳል።

አራት ሰዓት ገደማ የእንጨት ነጋዴው መኪናቸውን በጓሮ በር አስጠግተው ጡሩምባ ነፉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣውላ ሲያወርዱና ሲጭኑ ትከሻቸው አንድ ወገን ወርዶ የቀረ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው። ብዙውን ጊዜ ወንድሟ ነው ወጥቶ የሚቀበላቸው፤ ዛሬ ግን ደንበኛ ይዞት ስለነበር እሷ ወጣች። ሁለት የቀዩን ጣውላ ነው ያመጡት። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እሷ ይዘው ወደ መጋዘኑ ሲያስገቡ ሽማግሌው በድንገት ቆሙ። ጣውላውን መሬት አስቀመጡና እጇን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ዓመት ሙሉ እጇን እንዲህ ሳይጸየፍ የያዘው ሰው አልነበረምና ደንገጥ አለች።

«ውይ ልጄን! አንቺንም ያዘሽ?»

«ምኑ አባባ?»

«ቀዩ ነዋ! ሌላ ምን አለ? ይሄው ከንፈርሽም። ሲያስልሽ የሰማሁትም እሱው ነው። ልክ እንደ ወንድምሽ።»

መጀመሪያ አልገባትም። «ጋሼ ምን ሆኖ ያውቃል?» አለች።

«አልነገረሽም እንዴ?» ሽማግሌው ጣውላው ላይ አረፍ አሉ። «አንቺ ከመምጣትሽ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ሰው እየመራው ነበር መደብሬ የመጣው። የገዛውን ጣውላ በሙሉ መለሰልኝ። ሐኪሞቹ 'ብናኙ ነው፣ ዳግመኛ ከነካኸው፣ ከሳብከው፣ ጉሮሮህ ይዘጋል' ብለውታል። ሁሉንም ሰው አይይዝም እኮ፤ እኔን ይኸው አርባ ዓመት ምንም አላለኝ። የያዘውን ግን አይለቅም፣ እየቆየ ነው የሚብሰው። አዘንኩለትና በሌላ እንጨት ቀየርኩለት። በዓመቱ ተመልሶ መጣ። 'ቀዩን አምጣልኝ' አለኝ። 'አብደሃል እንዴ፣ ጤናህስ?' ብለው፣ 'ግድ የለም፣ የሚሠራልኝ ሰው አግኝቻለሁ' አለኝ።» ይሄኔ ሽማግሌው የሚናገሩትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፣ ድምጻቸው ወረደ። «ያ ሰው... አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ?»

«ኮላው ነው ነበር እኮ ያለኝ» አለች።

«ኮላ! ኮላ ምን አደረገ?»

«ዛሬ ደግሞ እዚህ ልተኛ ነው።» በጣቷ የቆርቆሮውን በር አሳየቻቸው። ለምን እንደነገረቻቸው አታውቅም፤ ከአፏ አመለጣት።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «እዚህ? የፈጣሪ ያለህ! በዚህ ደረትሽ ቀን የጠገብሽውን ሌሊት ልትደግሚው? አፈር ስሆን እንዳታደርጊው። ይገድልሻል፣ አልዋሽሽም።» ዙሪያውን አዩና ወጡ። መኪናቸው ውስጥ ሲገቡም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።

እሷ መጋዘኑ በር ላይ ቀረች። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ ውስጥ ብናኙ ቀይ ሆኖ ሲንሳፈፍ ታየዋለች። አራት ዓመት ያላየችውን ሁሉ አሁን አየችው። ጋሼ ወርክሾፕ የማይገባው ለካ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ አይደለም። መሐረቡ ለሽቅርቅርነት አይደለም። «የሴት እጅ ነው ለማለስለስ የሚሆነው፣ እኔ እጄ ሻካራ ነው» ይል የነበረው ሙገሳ አይደለም። ከወርክሾፑ ወጥታ ሳትታጠብ ወደ መሸጫው ክፍል ስትገባ «ኧረ ልብስሽን አራግፊ!» እያለ ወደ ግድግዳው የሚለጠፈው ኩራት መስሏት ትስቅበት ነበር። ወይ ነዶ! አብሯት ያደገ፣ አዝሎ ያሳደጋት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዞ የወሰዳት ወንድሟ፣ እሱን ሊገድል የነበረውን ነገር አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠው። ምን እንዳመመው ያውቃል። የት ጀምሮ የት እንደሚደርስ ያውቃል። እሷ ላይ ሲወጣም ቀን በቀን ቁጭ ብሎ ተመለከተው። ጓንት ገዛላት! ከሁሉም ከሁሉም ያንገበገባት ጓንቱ ነው። ምንም ባይገዛላት ኖሮ ራሷ ትደርስበት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ እየጮኸ ይገባ ነበር። እሷ ግን ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የጀመረችው ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፣ ግራ ጎኑ ላይ የወረቀት ያህል ትርፍ ውፍረት አለው። እጇ ሳታዘው ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ሄደ። ልምድ ክፉ ነው። መልሳ ጣለችው። ተነስታ የውሃ ቧንቧው ጋ ሄዳ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ሽርጧን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፣ ከዚያ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች እንደገና ተቀመጠች። ለምሳ አልወጣችም። ማንም አልጠራትም።

ከሰዓት በኋላ የመሸጫውን ክፍል በር ገፋ ስታደርገው ወንድሟ ደንበኛ ይዞ ነበር። ሰውየው ዝነኛ ነው አሉ፤ ቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ በክር የደነደነ። ባለፈው ወር የጨረሰችውን ጊታር ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል። ድምጹ ክፍሉን ሞላው፤ ዝቅ ያለው ክር ሲመታ ወንበሩ ጭምር ያጉረመርማል። በማንኛውም ሌላ ቀን በር ጥግ ቆማ ሰምታ፣ ደስ ብሏት ትመለስ ነበር። «ይሄ ነገር ነፍስ አለው» አለ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ። ወንድሟ ሳቅ ብሎ የጊታሩን ጀርባ በሁለት እጁ መሀል ባለ ጨርቅ ይዞ አዞረለት። ቫርኒሽ ተቀብቶ ያለቀ ነው፣ ቢነካውም ምንም አያደርገውም፤ ግን በጨርቅ ነው የያዘው። «ጀርባው ነው ሚስጥሩ» አለው። «ሦስት ሳምንት ነው በእጄ ያለሰለስኩት። ማሽን የሚባል አላስነካሁትም። እጄ እስኪላጥ።»

እጄ እስኪላጥ አለ! ሰው ይህን ሲናገር ምላሱ አይታሰርም? እሷ በሩ ላይ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ወንድሟ አያትና በዓይኑ ወደ ኋላ እንድትመለስ ጠቀሳት። አልተመለሰችም። ሰውየው ጊታሩን በሳጥኑ ይዞ እስኪወጣ፣ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ ቀዩ እንጨት አንተንም አሞህ ነበር?»

ፊቱ ለአፍታ ተለዋወጠ። ለአፍታ ብቻ። «ማን ነው ያለሽ?»

«ነጋዴው።»

«እሳቸውማ ጃጅተዋል እታለም! ያን ጊዜ ጉንፋን ነበር የያዘኝ። አለርጂ ምናምን አሉ፣ አለፈ። አንቺን ያመመሽ ኮላው ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ? ጓንቱን በደንብ አታደርጊም እኮ።»

«እንግዲያው ለምን ወርክሾፕ አትገባም?»

«ሥራ ስለሌለኝ ነዋ እዚያ! አንቺ እያለሽ እኔ ምን ልሠራ እገባለሁ? በይ አሁን ሂጂ፣ ጀርባውን ጨርሺልኝ፣ ነገ ሰው ይመጣል።» ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘረጋና ሽርጥ አለማድረጓን አየ፤ ቀሚሷ ላይ ግን ብናኝ ነበረበት። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ይሄኔ ነው ከደረጃው በኩል ግርግር የተሰማው። ተሸካሚው የእሷን ፍራሽ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ይወርዳል፣ የወንድሟ ሚስት ከኋላው «ግድግዳውን አትንካ፣ ቀስ!» እያለች ትከተለዋለች። ወደ መጋዘኑ የሚኬደው በወርክሾፑ ስለሆነ በመሀላቸው ማለፍ ነበረባቸው። የወንድሟ ሚስት የባሏን እህት ስታያት ዓይኗን ሰበረች። «እህቴ፣ እኔ... ጠዋት ልነግርሽ ነበር» አለች። «ለሕፃኑ ብዬ ነው። እስኪሻልሽ ብቻ ነው።»

«እትዬ፣ አልቀየምኩሽም» አለቻት። «የሚጋባ በሽታ የለብኝም። ሕፃኑን ብነካው ምንም አይሆንም። ያመመኝ ይሄ ቀይ እንጨት ነው። ጋሼንም እኔ ሳልመጣ በፊት አሞት ነበር፤ ዓይኑ እስኪደፈን አሞት ነበር። ያውቃል። ዓመት ሙሉ ያውቃል። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ያው እንጨት ነው ያለው።»

የወንድሟ ሚስት ወደ ባሏ ዞረች። የተጋቡት ከሁለት ዓመት በፊት ነውና የዚያን ጊዜ ነገር አታውቅም። «እውነት ነው?»

«ኧረ ምን እውነት አለው! አንድ የጃጀ ሽማግሌ የነገራትን ይዛ ነው። እንጨት ሰውን ያማል? ስንቱ አናጺ አልቆ ነበራ! መጋዘኑ ንጹሕ ነው ብዬሻለሁ፣ ንጹሕ ነው። ወንድም፣ አስገባ አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ተሸካሚው ፍራሹን እንዳዘለ አንዴ ወደሷ፣ አንዴ ወደሱ አየ። እንዲህ ያለ የቤተሰብ ነገር ውስጥ መግባት የማይወድ ሰው ነው መሰለኝ፣ አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ።

«ንጹሕ ከሆነ» አለች እህቱ፣ «ዛሬ አንተ እዚያ እደር ጋሼ። አንድ ሌሊት ብቻ። ነገ ጠዋት በደህና ከወጣህ እኔ ፍራሼን ራሴ ተሸክሜ እገባለሁ። ሁለተኛም አፌን አልከፍትም።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?»

«እውነቷን እኮ ነው» አለች ሚስቱ። ነገሩን ክፉ አስባ አልነበረም የተናገረችው፤ ለመገላገል ያህል ነው። «አንድ ሌሊት ምን አላት? እኔም ልቤ ያርፋል፣ እሷም ታምናለች። በዚያ ላይ ሕፃኑም ሲያለቅስ አይቀሰቅስህም፣ በደንብ ትተኛለህ።»

«ወገቤን ያመኛል፣ አታውቂም?»

«ፍራሽህን እናወርድልሃለን።»

«ይበርዳል እዚያ።»

«ቅድም ስጠይቅህ ይሞቃል አላልከኝም?»

«ነገ በጠዋት ቀጠሮ አለኝ፣ ሸሚዝ...»

«ሸሚዝህን እኔ አመጣልሃለሁ።» አሁን ሚስቱ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ፊቱን እያጠናችው ነበር። አንድ ሰው ያለ ነገር እንዲህ ከአንድ ምክንያት ወደ ሌላ ምክንያት አይዘልም፤ ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት አብሮ መኖር ይበቃል። ወደ ተሸካሚው ዞር አለች። «ወንድሜ፣ የሷን ላይ መልሰው። ከዚያ ከመኝታ ቤታችን የሱን ፍራሽ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን፣ አውርድልኝ።»

ተሸካሚው ወጣ። ሦስቱ ቆመው ጠበቁ። ላይ ቤት የእግሩ ኮቴ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል፣ ሕፃኑ ነቅቶ አንዴ አለቀሰና ዝም አለ። ወንድሟ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ፤ ሊስቅ ሞከረ፤ «ሴቶች ስትባሉ» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም። እሷ ጠረጴዛውን ተደግፋ ታየዋለች። ልጅ ሳሉ ሲዋሽ የጆሮው ጫፍ ይቀላ ነበር፤ አሁንም ይቀላል። እንዲያው «አዎ» ቢላት፣ «ፈራሁ፣ ሥራው ሊዘጋብኝ ሆነ፣ በደልኩሽ» ቢላት፣ ምናልባት ታለቅስ ነበር እንጂ አትጣላውም ነበር። ጊዜ ሰጠችው። ተሸካሚው ደረጃውን እስኪወርድ ድረስ ያለውን ጊዜ ሁሉ ሰጠችው። እሱ ግን ሰዓቱን አየ።

ፍራሹ ወረደ። ተሸካሚው በወርክሾፑ ሲያቋርጥ ሁለቱ ሴቶች ተከተሉት፣ ወንድሟም ሳይወድ ከኋላቸው ገባ፤ ተሸካሚው የቆርቆሮውን በር በእግሩ ገፋው። በሩ ሲከፈት የታመቀው አየር ወጣ፤ ያ ሽቶ የመሰለው ሽታ ወርክሾፑን ሞላው፣ ከኋላው ቀዩ ብናኝ ተነሳ። እሷን ወዲያው ሳል ያዛት። «የት ጋ ላንጥፈው?» አለ ተሸካሚው ከውስጥ።

«ና አሳየው» አለች ሚስቱ፣ ባሏን ክንዱን ይዛ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም በልመና ነበር፣ እባክህ ግባና ውሸታም አለመሆንህን አሳየኝ እንደማለት። እሱ ሁለት እርምጃ ተራመደ። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ እንቢ አለው። መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጠፈ፣ በሌላ እጁ መቃኑን ጨብጦ ወደ ኋላ ተወጠረ። ሚስቱ ሳብ አደረገችው። ያን ጊዜ ጮኸ፤ እንደዚያ ሲጮህ ሁለቱም ሰምተውት አያውቁም።

«ልቀቂኝ! እዚያ ካደርኩ እኮ አይነጋልኝም!»

ተሸካሚው ፍራሹን እንዳቀፈ ከመጋዘኑ ብቅ አለ። የወንድሟ ሚስት የባሏን ክንድ ለቀቀች፤ የያዘችበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ወርክሾፑ ውስጥ የሚሰማው የእሷ ደረት ፉጨት ብቻ ነበር። ሳሏ እስኪያልፍላት ጠረጴዛውን ይዛ ጠበቀች፣ ከዚያ ቀና አለች።

«እኔስ ጋሼ?» አለችው። «እኔስ ይነጋልኝ ነበር?»